ነጸብራቅ ማስወገድ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የፖላራይዘርና የሌሎች ፊልተሮች አጠቃቀም

ፖላራይዘር፣ ማለትም ሌንስ ፊት ተገጥሞ እየተሽከረከረ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር፣ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሰማይ ሊያሳምርበት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ሰማዩ ያን ያህል እርዳታ አይፈልግም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል፤ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3200 ይጠጋል። በላያችን ያለው አየር የሳሳ ስለሆነ ሰማዩ በራሱ ደማቅ ነው። በጥቅምት ፀሐይ ፊልተሩን እስከ ጥጉ ያዞረ ሰው ቤት ገብቶ ፎቶውን ሲከፍት ቀለም የተደፋበት የሚመስል፣ ወደ ጥቁር ያደላ ሰማይ ያገኛል። ፖላራይዘር እዚህ ዋጋውን የሚመልሰው ቅጠል፣ ውሃ፣ እርጥብ ድንጋይና ዝናብ የጠገበ አፈር ላይ ነው። ሥራው ነጸብራቅ ማስወገድ ነው፤ ሰማዩ ምርቃት ነው።

ከፊልተሮች ሁሉ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰውም ይህን ይግዛ። ሌሎቹ የሚሠሩትን ብዙውን በኮምፒዩተር ማስመሰል ይቻላል። ነጭ ብልጭታ የሸፈነውን የቅጠል ቀለም ግን ካሜራው መጀመሪያውኑ ካልመዘገበው ማንኛውም ፕሮግራም መልሶ አያመጣውም።

ከመግዛት በፊት

በሌንሱ የፊት ጠርዝ ወይም በክዳኑ ጀርባ፣ ጭረት የተሰነዘረበት ክብ ምልክት አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። የፊልተሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ያ ነው። ከካሜራ ጋር አብረው የሚመጡት 18-55 ሌንሶች በካኖን ብዙውን ጊዜ 58፣ በኒኮን 52 ወይም 55 ናቸው፤ ትልልቆቹ ሌንሶች 67፣ 72፣ 77 ወይም 82 ይሆናሉ። «18-55» የሚለው ራሱ የሌንሱ የማራቂያና የማቅረቢያ ልክ ነው፤ በዚያ ቁጥር ፊልተር ጠይቀው የማይገባ ይዘው የሚመለሱ አሉ።

ለእያንዳንዱ ሌንስ አንድ አንድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ካሏችሁ ሌንሶች ለትልቁ የሚሆነውን ግዙና ለትንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ጨምሩ፤ ለምሳሌ ከ58 ወደ 77 የሚያሰፋ። ጉዳቱ የትንሹ ሌንስ የፀሐይ መከላከያ ኮፍያ ከእንግዲህ አይገጥምም፤ በእጅ ወይም በባርኔጣ መከለል ይኖርባችኋል። ተቃራኒውን፣ ማለትም በትልቅ ሌንስ ላይ ትንሽ ፊልተር በማጥበቢያ ቀለበት ማሰርን አትሞክሩ፤ አራቱም ጥጎች ይጠቁራሉ።

ቀለበቱ ላይ ሲፒኤል የሚለው የፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት «ሰርኩላር» ነው። ስሙ ስለ ቅርጹ አይደለም፤ ሁሉም ክብ ናቸው። ከፖላራይዘሩ ሽፋን ጀርባ ብርሃኑን መልሶ የሚያዞር ሁለተኛ ስስ ሽፋን አለው ማለት ነው። ውስጣቸው የሚገለበጥ መስታወት ያላቸው ካሜራዎች (ዲኤስኤልአር) ያለዚያ ሽፋን ብርሃን ሲለኩና ፎከስ ሲያደርጉ ሊሳሳቱ ይችላሉ። መስታወት ለሌለው ካሜራና ለስልክ ግን አሮጌው «ሊኒየር» ዓይነትም ይሠራል።

ፊልተሩ እውነተኛ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈትሹ። ባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ ካልኩሌተር አይጠፋም፤ የፈተናው መሣሪያ እሱ ነው። ፊልተሩን አንሱና ወደ ሌንስ የሚጠመዘዘው ጥርስ የሌለበትን የፊት ገጽ ወደ ካልኩሌተሩ መስኮት አድርጋችሁ፣ በጥርሱ በኩል እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቁጥር የሚታይበት ግራጫ መስኮት አንድ ቦታ ላይ ድርግም ብሎ ይጨልማል፤ ሩብ ዙር ስትጨምሩ መልሶ ይበራል። በጨለመበት ቦታ ላይ ቁጥሮቹ አሁንም በደንብ ከተነበቡ ሽፋኑ ደካማ ነው። አሁን ገልብጡት፤ ጥርሱ ወደ ካልኩሌተሩ ይሁን። ስታዞሩት ቀለሙ በጥቂቱ ከመለዋወጥ በቀር ካልጨለመ ሰርኩላር ነው። በሁለቱም ወገን ከጨለመ ሊኒየር ነው። በየትኛውም ወገን ካልጨለመ የሚሽከረከር ቀለበት የተገጠመለት ተራ ግራጫ መስታወት ይዛችኋል፤ መልሱት።

ሁለት ነገር ደግሞ ጨምሩ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ እዩት፤ ወረቀቱ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ከመሰለ ፎቶውም እንደዚያው ይሆናል። ቀለበቱን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ አሽከርክሩ፤ አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ሜዳ ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

መግጠምና ማዞር

1. የሌንሱን የፊት መስታወት በመንፊያ ንፉ። ከፊልተሩ ጀርባ የታሰረ አቧራ ፀሐይ በጎን ስትመታው በፎቶው ላይ ደብዛዛ ነጠብጣብ ይሠራል።

2. የፊልተሩን የኋላ ቀለበት (የማይሽከረከረውን) በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጥርሱ አስገቡ። ከነካ በኋላ ትንሽ ብቻ አጥብቁ። ጠብቆ እንዲይዝ ብሎ መታገል ኋላ አለመውለቅን ያመጣል።

3. ሌንሳችሁ የቆየ 18-55 ከሆነ ፎከስ ሲያደርግ የፊት ጫፉ አብሮ ይዞር እንደሆነ እዩ። የሚዞር ከሆነ ሁልጊዜ ፎከስ ይቀድማል፣ ፊልተሩን ማዞር ይከተላል። ካልሆነ ያስተካከላችሁትን ፎከሱ ያፈርሰዋል።

4. ከካሜራው ጀርባ ሆናችሁ የፊት ቀለበቱን ወደ ግራ ብቻ አዙሩ። ወደ ቀኝ ካዞራችሁት ጠበቅ ባለ ቀን ፊልተሩን ከሌንሱ እየፈታችሁት ነው። ከእንጦጦ ገደል አፋፍ ወደ ታች የተንከባለሉ ፊልተሮች አብዛኞቹ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

5. ዓይናችሁን ሰማዩ ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ወይም ውሃው ላይ አድርጉ። ከምንም ወደ ከፍተኛው የሚወስደው ሩብ ዙር ነው፤ በግማሽ ዙር ውስጥ ሁሉን አይታችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያው ይደጋገማል።

6. ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ ጥቂት አሳልፉት። ጥቂት ብልጭታ የቀረበት ቅጠል ሕይወት አለው፤ ጨርሶ የተነጠቀ ቅጠል ፕላስቲክ ይመስላል።

7. ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ስትገለብጡ ፊልተሩም አብሮ ሩብ ዙር ዞሯል። እንደገና አስተካክሉ። በጣም የሚረሳው ይህ ነው።

ፊልተሩ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (1 ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። ካሜራው ራሱ ስለሚለካ ሂሳብ ባትሠሩም ውጤቱን ማወቅ አለባችሁ፦ 1/125 ሰከንድ የነበረው ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ወደ 1/40 ይወርዳል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋስ አደይ አበባን ሲያወዛውዝ 1/250 ካላገኛችሁ አበባው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 800 አንሱት። አይኤስኦ 800 ዛሬ ባለ ካሜራ ላይ የሚያስፈራ ነገር አይደለም።

አንድ ጠቃሚ ብልሃት፦ ፀሐይን በጎናችሁ አድርጋችሁ ሰማዩ በጣም እስኪጠቁር አዙሩ፤ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ፀሐይ ባለችበት በኩል በጥፍር ቀለም አንድ ነጭ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን ወደ ፀሐይ ማዞር ከፍተኛውን ውጤት ይሰጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የካሜራው ስክሪን ባይታይ እንኳ በግምት ትሠራላችሁ። ፊልተሩን በስልክ ካሜራ ፊት በእጅ ይዞ ለሚያነሳም ነጥቡ ያገለግላል፤ ጥርሱ ወደ ስልኩ፣ ነጥቡ ወደ ፀሐይ።

ፀሐይ የት እንዳለች

ሰማይ ላይ ፊልተሩ የሚሠራው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው ክፍል ነው። ሌባ ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩና አውራ ጣታችሁን በቀጥታ አንሱ፤ ሌባ ጣቱን ከፀሐይ ሳታነሱ እጃችሁን ስታሽከረክሩ አውራ ጣቱ የሚጠቁመው ቦታ ሁሉ የሚጠቁረው መቀነት ነው። ፀሐይን በጀርባችሁ ወይም በፊታችሁ ካደረጋችሁ ሰማዩ ላይ ምንም አይመጣም።

ይህ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ምን ማለት ነው? ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ሳለች መቀነቱ ከሰሜን ተነሥቶ በአናታችን አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ማታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ከተማውን የሚያነሳ፣ ወይም ከፉሪ በኩል ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ፣ ጠዋትና ማታ ፊልተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራለታል። ችግሩ መቀነቱ ቀጥ ብሎ እንደ ዓምድ መቆሙ ነው። 18 ላይ በተከፈተ ሌንስ ካነሳችሁ መሐሉ ጠቁሮ ግራና ቀኙ የነጣ ሰማይ ይወጣል፤ ይህን ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ሌንሱን ወደ 35 ወይም 55 አቅርቡ፣ ያለዚያ ፊልተሩን ከግማሽ ኃይሉ በላይ አታዙሩ። ከለገጣፎ በኩል ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚያነሳ ግን ፀሐይ ጀርባው ናት፤ ለሰማዩ ብሎ ፊልተር ባይደክምም ይችላል።

እኩለ ቀን የተለየ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ያኔ መቀነቱ በአድማሱ ዙሪያ ይተኛል፤ ወደየትኛውም አቅጣጫ ብታነሱ ሰማዩ ከአድማስ በላይ እኩል ይጠቁራል፣ የዓምዱ ችግርም የለም። እኩለ ቀን ስንል የሰዓቱ 6 አይደለም፤ እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ውስጥ ነው። በእኩለ ቀን ፎቶ አይነሳም የሚለው ምክር ከሌላ አገር የመጣ ነው ብለን እንድንጠራጠር የሚያደርገን ይህ ነው፤ ለሰው ፊት እውነት ነው፣ ለደመናና ለተራራ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ቅጠል፣ ሰብል፣ ቆርቆሮ

ፊልተሩን የምታወጡት ሰማዩ ሲጠራ ብቻ ከሆነ ምርጡን ወቅት እያሳለፋችሁት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ገና እንደ አመድ ሳለ፣ መናገሻ ሱባ ደን ግቡ። በጽድና በኮሶ ቅጠል ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠብታና እርጥብ ገጽ ነጩን ሰማይ ያንጸባርቃል፤ ደኑ በካሜራ ሲታይ አረንጓዴ ሳይሆን ግራጫ ነው። ፊልተሩን ስታዞሩ ግራጫው እንደ መጋረጃ ይገፈፋል፤ በግንዱ ላይ ያለው ሽበትና የፍርፍር ቅጠሉ ቀይ ከሥሩ ብቅ ይላል። ፀሐይ የት እንዳለች ማሰብ እንኳ አያስፈልግም፤ ደመና በሸፈነው ቀን ወሳኙ የቅጠሉ አንግል ነው።

ባሕር ዛፍ ከሁሉ ይብሳል። ቅጠሉ ሰም የለበሰ ስለሆነና ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ከሰዓት በኋላ የእንጦጦ ጥግ በሙሉ ነጭ ፍንጣሪ ይሞላበታል። ፊልተሩ ይህንን በአንድ ሩብ ዙር ያረጋጋዋል።

ጤፍ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በሰንዳፋና በአቃቂ በኩል በጥቅምት ነፋስ ጤፉን ሲያስተኛው እንደ ብር የሚያበራው ነጸብራቁ ነው። ያንን ብታጠፉት የሚቀራችሁ ሣር ነው። እዚህ ላይ ፊልተሩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይሁን፣ ወይም ይውለቅ። ስንዴና ገብስ ሲደርሱ ግን ፊልተሩ በግማሽ ኃይሉ ወርቁን ያጎላዋል።

ቆርቆሮ። ከከፍታ ላይ ቡራዩን ወይም ሱሉልታን ያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መስታወት ያበራና ፎቶውን ይበላዋል። ፊልተሩ አያጠፋውም። ምክንያቱም ከእርቃን ብረት የሚመለስ ብርሃን እንደ ውሃና እንደ ቅጠል ብርሃን በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ አይደለም፤ ፊልተሩ የሚለየው ነገር የለም። ቀለም የተቀባ ጣሪያ ላይ ግን በከፊል ይሠራል፤ የሚያንጸባርቀው ቀለሙ ነውና። ለባዶ ቆርቆሮ ያለው መድኃኒት 20 ደቂቃ መጠበቅ ወይም ከ30 እስከ 40 እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ነው። ፀሐይ ትንሽ ስትዞር ያ ጣሪያ ይጠፋና ሌላው ያበራል፤ የትኛው እንደሚሻላችሁ ምረጡ።

ጠዋት ከተማው ላይ የሚተኛው ጭስም እንደዚሁ ነው። ፊልተሩ ስስ የሆነውን ሰማያዊ ጉም መሰል ነገር ይቀንሳል፤ የማገዶና የቆሻሻ ጭስን ግን አይነካም፣ ቅንጣቱ ትልቅ ነው። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከእንጦጦ ከተማውን በፖላራይዘር አጥርቶ ማንሳት የሚያስብ ሰው በከንቱ ይደክማል። ያን ቀን ጭሱን ራሱን አንሱት፤ ፀሐይን ወደ ፊት አድርጋችሁ፣ ያለ ምንም ፊልተር።

ውሃ

ገፈርሳም ሆነ ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፤ ጥበቃ አለው። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን አነጋግሩ፤ ግድቡን ራሱን አትቀስሩበት።

በውሃ ላይ ፊልተሩ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ከውሃው ገጽ 37 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች ስታዩ ነው። ይህን በሜትር እንናገረው፦ ካሜራው ከውሃው በላይ 1 ሜትር ከ50 ላይ ከሆነ፣ ነጸብራቁ ጨርሶ የሚጠፋው 2 ሜትር ያህል ከፊታችሁ ባለው ውሃ ላይ ነው። እዚያ ድንጋዩና አረሙ እስከ ታች ይታያል። ራቅ ያለው ውሃ ላይ ውጤቱ እየደከመ ይሄዳል። ትራይፖዱን ወደ ግማሽ ሜትር ብታወርዱት ያ ቦታ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ የውሃውን ሆድ ለማሳየት ቆማችሁ፣ ወደ ታች አንሱ፤ የተራራውን ጥላ በውሃ ላይ ለማሳየት ዝቅ ብላችሁ፣ ፊልተሩን ደብዛዛው ቦታ ላይ አድርጋችሁ አንሱ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማግኘት መካከለኛ ቦታ ፈልጉ፤ ቅርቡ ይገለጣል፣ ሩቁ ያንጸባርቃል።

የማርያም መቀነት የውሃ ወገን ናትና እዚህ ትግባ። ብርሃኗ የተደረደረ ስለሆነ ፊልተሩ ሊያጎላትም ሊያጠፋትም ይችላል። በነሐሴ ከሰዓት ዝናቡ ወደ የረር ሲያልፍና ፀሐይ በምዕራብ በኩል ከደመና ስትወጣ፣ ከ10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በምሥራቅ ትታያለች። ፊልተሩን ለቅጠል ብለው አዙረው የተዉ ሰዎች ቀና ብለው በዓይናቸው ያዩዋትን በካሜራቸው ያጧታል። ቀለበቱን አዙሩ፤ ትመጣለች። ቅስቱን በሙሉ ማጉላት ግን አይቻልም፤ አንዱ ክፍል ሲደምቅ ሌላው ይፈዛል።

የሰው ፊት

በሜዳ ላይ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ሰላምታና ፈቃድ፣ ከዚያ ፊልተሩን ማውለቅ። ጠይምና ጥቁር ፊት ቅርጹን የሚያገኘው በግንባር፣ በጉንጭና በአፍንጫ አጥንት ላይ ከሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ፖላራይዘር ያንን ሲነጥቅ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቅቤ የተቀባ ጸጉርም ጥላሸት ይመስላል። ላብ በዝቶ ግንባሩ ላይ ነጭ ከሆነባችሁ እስከ ኃይሉ ሲሶ ያህል አዙሩ፣ ከዚያ አትለፉ። የለበሱት ነጠላ ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ከሆነባችሁ ፊልተር አያድነውም፤ ተጋልጦውን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) በ1 ስቶፕ ቀንሱ።

ኤንዲ፦ ብርሃን መቀነሻ

ኤንዲ ፊልተር የፀሐይ መነጽር ነው፤ ቀለምና ነጸብራቅ ሳይለይ ሁሉንም ያጨልማል። ዓላማው ሹተሩን ማዘግየት ነው። ኤንዲ 8 በ3 ስቶፕ፣ ኤንዲ 64 በ6፣ ኤንዲ 1000 በ10 ይቀንሳል።

ከእንጦጦ ወደ ቀበና በሚወርዱት ጅረቶች ላይ ውሃውን እንደ ሐር ለማድረግ ብዙ ሰው መጀመሪያ ኤንዲ 1000 ያወጣል። ስሕተት ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ልክ) ላይ ካሜራው 1/15 አካባቢ ይሰጣል፤ ፖላራይዘር ሲጨመር 1/4 ይሆናል። የውሃው ክር ሳይጠፋ ለስላሳ የሚመስለው ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ባለው ውስጥ ነው። ፖላራይዘሩ ብቻውን በቅቷል፣ በዚያ ላይ የድንጋዩን ብልጭታ አጥፍቷል። 8 ሰከንድ ብታደርጉት ውሃው የተደፋ ወተት ነው። ክረምቱ እስኪያልፍም ታገሡ፤ በሐምሌ ውሃው ጭቃ ነው፣ ጎርፉም ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ደኅና ነው።

ኤንዲ 1000 የሚያስፈልገው ደመና ከወጨጫ ላይ ሲጎተት ለማሳየት ነው። እንዲህ ይሠራል፦

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11። ፊልተሩን ሳትገጥሙ ፎከስ አድርጉና ሌንሱን ከአውቶ ወደ ማኑዋል ቀይሩ። ከገጠማችሁ በኋላ ካሜራው ምንም አያይም፤ አውቶ ከተተወ እየፈለገ ይውላል። የእንቅጥቅጥ መከላከያውን አጥፉ። አንድ ፎቶ ያለ ፊልተር አንሱና የወጣውን ሹተር ያዙ። ከዚያ ፊልተሩን ግጠሙና በአሥሩ ጣቶቻችሁ ቁጠሩ፤ በእያንዳንዱ ጣት ሰዓቱን እጥፍ አድርጉ። 1/30 ከሆነ፦ 1/15፣ 1/8፣ 1/4፣ 1/2፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። አሥር ጣት፣ 32 ሰከንድ። ካሜራው በራሱ የሚቆጥረው እስከ 30 ስለሆነ 30 በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ወደ «በልብ» (ሹተሩ እስክትዘጉት ተከፍቶ የሚቆይበት ምርጫ) ቀይሩና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። የ2 ሰከንድ መዘግየት ተጠቀሙ፤ ጣት ሹተሩን ሲጫን ካሜራው ይነቃነቃልና። መስታወት ባለው ካሜራ ማያ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከኋላ የሚገባ ብርሃን በፎቶው ላይ ሐምራዊ ጭረት ይተዋል።

በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 11 ላይ 1/250 ስለሚወጣ አሥር ጣት ቆጥራችሁ የምታገኙት 4 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ደመናው ገና አልተጎተተም። 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብርሃኑ ሲወርድ ኑ። ኤፍ 22 ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ምስሉ በጠቅላላ ይለሰልሳል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራም ሁሉ ይቆጠራል።

ርካሽ ኤንዲ 1000 ፎቶውን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ ይጎትታል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ኋላ ይስተካከላል። ሁለት ቀለበት ያለው ተለዋዋጭ ኤንዲ ደግሞ ለቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን እሱ ራሱ ሁለት ፖላራይዘር ነው፤ በሰፊ ሌንስ ላይ መጨረሻ ድረስ ሲዞር በሰማዩ ላይ ጥቁር መስቀል ይወጣል። መስቀሉ ሲጀምር ወደ ኋላ መልሱት፤ የፊልተሩ አቅም እዚያ ድረስ ነው።

ግማሹ የጠቆረና ዩቪ

ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ የጠራ ፊልተር ደማቅ ሰማይን አብርዶ መሬቱን ለማውጣት ነው። የእኛ አድማስ የረር፣ ፉሪ፣ ወጨጫና እንጦጦ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ስለዚህ ድንበሩ ቀስ እያለ የሚደበዝዘውን፣ በ2 ስቶፕ የሚቀንሰውን ምረጡ። ድንበሩ ስል የሆነው የተራራውን ጫፍ አብሮ ያጠቁረዋል፤ ለሱሉልታ ሜዳ ወይም ለገፈርሳ የውሃ ዳር ብቻ ይሆናል። ተሽከርካሪውን ክብ ሳይሆን በመያዣ የሚገባውን ባለ 100 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ውሰዱ፤ ድንበሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻለው በእሱ ነው። ትራይፖድ ካላችሁና ነገሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሁለት ፎቶ በተለያየ ብርሃን አንሥቶ ማዋሃድ ይህን ፊልተር ያስቀራል።

ዩቪ (አልትራቫዮሌት ጨረር) የሚያስቀረው ፊልተር ለዲጂታል ካሜራ በምስሉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከፍታችን ስለሚጨምር ዩቪ ይበዛል የሚለው እውነት ቢሆንም ሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል። አቧራና ጭረት መከላከያ ነው። በበጋ በአቃቂ ጥርጊያ መንገድ ላይ ለዚያ ይግባ፤ ፖላራይዘር ሲገጠም ግን አስቀድሞ ይውለቅ፤ ሁለት ፊልተር ሲደራረብ ጥጉ ይጠቁራል፣ ብርሃንም በመካከላቸው ይመላለሳል።

የሚበላሹ ነገሮች

በመኪና መስኮት በኩል በፖላራይዘር አታንሱ። የጎኑ መስታወት ሲሠራ በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለተጠናከረ በፊልተሩ ውስጥ ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታይበታል።

ፊልተሩን ፀሐይ በሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉ። ሽፋኑ በሙጫ የተያዘ ነው፤ ሙቀት ከጠርዙ ይለያየዋል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይሄዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ያንን የካልኩሌተር ፈተና ድገሙት።

አቧራን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ አትጥረጉ። የመረሬ አፈር ሲደርቅ ስስ ዱቄት ይመስላል፤ ውስጡ ግን መስታወት የሚቧጭር ቅንጣት አለ። መጀመሪያ ንፉ፣ ከዚያ በለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር። የዝናብ ጠብታ ከደረቀበት ጨርቁን በትንሽ ውሃ አርጥቡ፤ አልኮል ያለበት ነገር የጠርዙን ሙጫ ሊነካ ይችላል።

ፊልተሩ አልወልቅ ካለ በኃይል አትጭመቁት፤ ስትጨምቁት ክቡ ሞላላ ይሆንና ጥርሱ ይበልጥ ይነክሳል። ወፍራም ላስቲክ በኋላ ቀለበቱ (በማይሽከረከረው) ዙሪያ ጠምጥማችሁ በአምስቱም ጣት እኩል ይዛችሁ አዙሩ። ላስቲክ ከሌለና ፊልተሩ የሚሽከረከር የፊት ቀለበት የሌለው ከሆነ ንጹሕ የሆነ ባለ ጎማ የጫማ ሶል ላይ ፊልተሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ሌንሱን በቀስታ ተጫኑና ሌንሱን ወደ ግራ አዙሩ፤ ጎማው ቀለበቱን ዙሪያውን እኩል ስለሚይዘው ይለቃል። መጫኑ ቀለበቱ ላይ ይሁን፤ የፊልተሩ መስታወት ጎልቶ የወጣ ከሆነ ይህን አታድርጉ።